ያገለገለች ሃይብሪድ መኪና ስለ መግዛትና ቤንዚን ቈጥቦ ስለ መንዳት

የቤተ ሰብ ገንዘብ የሚወጣባቸው በሮች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሰፊና የተገለጡ ስለ ሆኑ ባለቤቱ በጊዜ አይቶ ይዘጋቸዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ጠባብና የተሰወሩ ስለ ሆኑ ገንዘቡ ማለቁ ይታወቃል እንጂ ሲወጣ አይታይም። በዛሬ ዘመን ከተሰወሩት በሮች አንዱ የመኪና ቤንዚን ነው። መኪና የገዛ ሰው ለሻጩ የቈጠረውን ገንዘብ ዕድሜውን ሁሉ ያስታውሰዋል፤ በየሳምንቱ ለቤንዚን የሚከፍለውን ደምሮ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሃይብሪድ ስለምትባለው መኪና፥ ይልቁንም ከሌላ ሰው እጅ ያገለገለችውን ስለ መግዛትና በቍጠባ ስለ መንዳት፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃል ልናቀርብ አሰብን።

ለዚህም ያነሣሣን ምክንያት፥ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ተቀምጠው፥ ታክሲ በመንዳትና መንገደኛ በማመላለስ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችን ብዙዎች መሆናቸው ነው። ለእነዚህ ሰዎች መኪና ጌጥ አይደለችም፤ ለገበሬ በሬ እንደ ሆነው ሁሉ ለእነርሱም መኪና እንዲሁ ናት። በሬው የታመመ እንደ ሆነ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ መኪናዪቱም የቆመች እንደ ሆነ የቤቱ ኪራይና የልጆቹ ትምህርት ይጓደላል። እንግዲህ መኪና በሚገዛበት ቀን የሚደረገው ምርመራ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። ሃይብሪድ ማለት ከሁለት ዓይነት ዘር የተወለደ እንደ ማለት ነው። በቅሎ ከአህያና ከፈረስ ተወልዳ የሁለቱን ጠባይ አስተባብራ እንደምትይዝ፥ ይህችም መኪና የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር በአንድነት ይዛ እንደ መንገዱ ሁኔታ አንዱን ወይም ሁለቱን ታሠራለች። አሳቡም ትናንት የተገኘ አይደለም። ፌርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ በ1900 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በቪየና ከተማ በሎነር ሠረገላ ፋብሪካ ሳለ፥ ቤንዚንና ኤሌክትሪክን ያጣመረች መኪና ሠርቶ ነበር። ዳሩ ግን ለሕዝብ በብዛት መሸጥ የጀመረችው የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ፕሪየስ የምትባለዋን በታኅሣሥ 1997 በአገሩ ካወጣ በኋላ ነው። ወደ አሜሪካም ገበያ በ2000 ዓመት ገባች። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አሁን ደግሞ ቤንዚን የምትቈጥበው በምን ጥበብ እንደ ሆነ እናስረዳ። ማናቸዪቱም ሌላ መኪና በፍሬን ስትቆም፥ በቤንዚን ገንዘብ የተገዛው ሩጫዋ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ በነፋስ ይበተናል። በሃይብሪድ መኪና ግን ነጂው ፍሬኑን በዝግታ የረገጠ እንደ ሆነ፥ የኤሌክትሪኩ ሞተር ሥራውን ለውጦ እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የመነጨውም ወደ ትልቁ ባትሪ ገብቶ መኪናዪቱ እንደ ገና ስትነሣ ያገለግላል። ደግሞም በቀይ መብራት ፊት ስትቆም የቤንዚን ሞተሯ ይጠፋል። ስለዚህ ሌላውን መኪና የሚያስርበው የከተማ ጐዳና ለዚህች ይስማማታል። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መለኪያ፥ ከ2004 እስከ 2009 ዓመት ሞዴል ያለችው ፕሪየስ በአንድ ጋሎን በከተማ 48 ማይል፥ በአውራ መንገድ 45 ማይል፥ በአማካይ 46 ማይል ትሄዳለች። ይህም በአንድ ሊትር 19 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከእርሷ በኋላ የመጣችው፥ ከ2010 እስከ 2015 ያለችው፥ በአማካይ 50 ማይል፥ ማለት በአንድ ሊትር 21 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ወደ ገበያ መሮጥ የለበትም። አስቀድሞ እርሳስና ወረቀት ይዞ፥ «በዓመት ምን ያህል ማይል እነዳለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለምሳሌ አንድ የቢሮ ሠራተኛ በዓመት 12,000 ማይል ይነዳል እንበል። በጋሎን 25 ማይል የምትሄድ መኪና ያለችው እንደ ሆነ 480 ጋሎን ይፈጃል፤ በጋሎን 48 ማይል የምትሄድ ሃይብሪድ ያለችው እንደ ሆነ 250 ጋሎን ይበቃዋል። ትርፉ 230 ጋሎን ነው፤ ጋሎኑ በ3 ዶላር ቢታሰብ በዓመት 690 ዶላር ይሆናል። ታክሲ የሚነዳ ሰው ግን በዓመት 40,000 ማይል ቢሄድ፥ በዚሁ ሒሳብ የሚተርፈው ከ760 ጋሎን በላይ፥ በገንዘብም 2,300 ዶላር ያህል ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ትልቁ ባትሪ የሞተ እንደ ሆነ በአዲስ ለመተካት ከ2,000 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። እንግዲህ ያ የቢሮ ሠራተኛ ባትሪዋ የደከመ መኪና የገዛ እንደ ሆነ፥ የሦስት ዓመት የቤንዚን ቍጠባው በአንድ ቀን ይበላበታል። ታክሲ ነጂውም ከዚህ ወጪ በላይ መኪናዪቱ በቆመችባቸው ቀኖች የሚያጣው የዕለት ገቢ አለበት። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የምንናገረው ቃል ይህ ነው፤ ቍጠባው ያለው በመኪናዪቱ ስም ሳይሆን፥ በገዢው ምርመራና በነጂው እግር ነው።

እንዲህም ስንል ያገለገለች ሃይብሪድ ሁሉ የምትፈራ ናት ማለታችን አይደለም። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት በ2011 ዓመት ከ200,000 ማይል በላይ የተነዳች የ2002 ሞዴል ፕሪየስ መርምሮ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት አዲሲቱን በመረመረ ጊዜ በጋሎን 40.6 ማይል ሄዳ ሳለ፥ አሮጌዪቱ 40.4 ማይል ሄደችለት። ለዚህም ምክንያት አለው። የመኪናዪቱ አእምሮ የሆነው ኮምፒዩተር ባትሪውን ፈጽሞ እንዲሞላም ፈጽሞ እንዲያልቅም አይተወውም፤ ሁልጊዜ በመካከል ይጠብቀዋል። ብዙ ጊዜ ባትሪውን ቶሎ የሚጐዳው ሙቀትና ሳይነዱት ለብዙ ወራት ማቆም ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። አንድ ወጣት መኪና ሊገዛ አስቦ፥ ብዙ ዘመን ታክሲ የነዱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ለምክር ሄደ እንበል።

«ጋሼ፥ መኪናዪቱ እጅግ አማረችኝ፤ ዋጋዋም ረከሰልኝ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ዛሬውኑ ልክፈል?»

«ልጄ፥ ያማረህ ቀለሟ ነው ወይስ ባትሪዋ?»

«ባትሪዋንማ በምን አየዋለሁ? ሻጩ ደኅና ነው ብሎኛል።»

«እንግዲያውስ የምትገዛው የሻጩን ቃል ነው እንጂ መኪናዪቱን አይደለም። ነገ ጧት ሞተሯ ሳይሞቅ እንመጣለን ብለህ ቀጠሮ ያዝ። ስንደርስ አሙቆ ከጠበቀን ለምን እንዳሞቃት እንጠይቀዋለን። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህምን?»

የእኒህ ሽማግሌ ምክር ትክክል ነው። ሌሊቱን ያደረች መኪና በጧት ስትነሣ ብርቱ መንቀጥቀጥ ያሳየች እንደ ሆነ፥ ወይም የሞተር ማቀዝቀዣው ውሃ ከመሥመሩ በታች የጐደለ እንደ ሆነ፥ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ይህ ምልክት ከ2010 እስከ 2015 ባለችው ፕሪየስ ላይ በተለይ መታየት አለበት፤ የሞተሩ ራስ ጓርኒሲዮን መቃጠል በብዙዎቹ ላይ የታወቀ ሕመም ነውና። የሞተሩንም ዘይት በመለኪያው ብረት አውጥቶ ማየት አይቅር።

ቀጥሎ መኪናዪቱን ለግማሽ ሰዓት ያህል በዳገትም በቍልቍለትም በከተማም መንዳት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን ምልክት ይመልከት። ደኅና ባትሪ ቀስ እያለ ይሞላል፥ ቀስ እያለም ይጐድላል። ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባዶ የሚሆን እንደ ሆነ፥ ባትሪው ያረጀ ሰው ጕልበት እንዳለው ይታወቅ። ከኋለኛው ወንበር አጠገብ ያለው የባትሪ ማራገቢያም ቀኑ ሳይሞቅ ያለ ዕረፍት የሚጮኽ እንደ ሆነ መጠየቅ ያሻል። የማራገቢያውም አየር መሳቢያ ቀዳዳ በአቧራና በጠጕር ተደፍኖ እንደ ሆነ ይታይ፤ ቀዳዳው የተደፈነ ባትሪ ብዙ ዘመን በሙቀት እንደ ተሠቃየ ያስረዳልና።

ከዚህም በኋላ ሃይብሪድ የሚያውቅ መካኒክ በኮምፒዩተር መመርመሪያ እንዲያያት ያስፈልጋል። የፕሪየስ ባትሪ ከላይ በጠቀስናቸው በሁለቱ ዘመን ሞዴሎች 28 ክፍሎች አሉት፤ ከእነዚህም አንዱ ቢደክም ሁሉን ያሰናክላል። መካኒኩ መኪናዪቱ ዳገት ስትወጣ የክፍሎቹን የኤሌክትሪክ መጠን እያስተያየ፥ ከባልንጀሮቹ ወደ ኋላ የሚቀረውን ያገኘዋል። አንዳንድ ሻጭ የሞተውን አንድ ክፍል ብቻ ባሮጌ ለውጦ «ባትሪው ተለውጧል» ይላል። ይህ ግን በአንድ የበሰበሰ ምሰሶ ፈንታ አንድ ምሰሶ ተክሎ ቤቱ ታደሰ እንደ ማለት ነው፤ የቀሩት ክፍሎች በተራቸው መውደቃቸው አይቀርም። ስለዚህ ባትሪው ሙሉ በሙሉ በአዲስ የተተካ እንደ ሆነ ደረሰኙን ማየት ይገባል። ደግሞም ሻጩ የብልሽቱን ምልክት ከኮምፒዩተሩ ሰርዞ እንደ ሆነ፥ መኪናዪቱ ራሷን የምትመረምርባቸው ሥራዎች ገና አልተፈጸሙም ብሎ መመርመሪያው ይናገራል። ይህን ያየ ገዢ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ መመለስ አለበት።

ወረቀቷም እንደ አካሏ ይመርመር። በብርቱ አደጋ ወይም በጎርፍ ተጐድታ የታደሰች መኪና በአሜሪካ የባለቤትነት ወረቀቷ ላይ «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» የሚል ቃል ይጻፍባታል። ጎርፍ የነካት ሃይብሪድ ሽቦዋ ውስጥ ውስጡን ስለሚዝግ በምንም ዋጋ አትግዟት። በ17 ፊደላትና ቍጥሮች የተጻፈውን የሻንሲ ቍጥር ለአሜሪካው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያቀረበ ሰው፥ ፋብሪካው እንዲጠገን ያዘዘውና ገና ያልተጠገነ ነገር ያለባት እንደ ሆነ በነጻ ይረዳል። በመጨረሻም ጐንበስ ብሎ ከሥሯ የጭሱን ማጣሪያ መኖር ይመልከት። በውስጡ ፕላቲንየም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድኖች ስላሉ ሌቦች ከዚህች መኪና ሥር እየቈረጡ መውሰዳቸው የታወቀ ነው።

እነሆ መኪናዪቱ ተመርምራ ተገዛች እንበል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁለተኛው ትምህርት የአነዳድ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው ሃይብሪድ ከገዛ ዘንድ እንደ ልቡ ቢነዳትም የምትቈጥብ ይመስለዋል። ሌላውም በተቃራኒው የቤንዚኑ ሞተር እንዳይነሣ ፈርቶ፥ በኤሌክትሪክ ብቻ ለመሄድ እንደ ኤሊ እየተጐተተ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቈጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በሽቦ ከቤት የማትሞላ ሃይብሪድ ያላት ኤሌክትሪክ ሁሉ መጀመሪያ ከቤንዚን የተገኘ ነው፤ ወደ ባትሪ ሲገባም ከባትሪ ሲወጣም ጥቂት ጥቂት ይባክናል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን እንደ ነጻ ሀብት መቍጠር አይገባም።

ትክክለኛው አነዳድ ይህ ነው። ከቆሙበት ሲነሡ በመጠን መርገጥ፥ ማለት መኪናዪቱን እንደ ፈረስ ሳያስደነብሩ፥ ነገር ግን ደግሞ ሳያንቀራፍፉ ወደሚፈለገው ፍጥነት ማድረስ ነው። ከዚያ በኋላ እግርን አላልቶ በተገኘው ሩጫ መንሳፈፍ ይቻላል። በሰዓት ከ40 ማይል በታች በሆነ ፍጥነት የቤንዚኑ ሞተር ራሱን አጥፍቶ መኪናዪቱ በዝምታ ትንሸራተታለች። ዓይንም ሁልጊዜ ሩቅ ይመልከት። የፊተኛው መብራት ቀይ መሆኑን ከሩቅ ያየ ነጂ እግሩን ቀድሞ ያነሣል፤ ፍሬኑንም በዝግታና በረጅሙ ይረግጣል፤ ያን ጊዜ ሩጫው ወደ ባትሪ ይመለስለታል። ዘግይቶ ያየ ግን በድንገት ስለሚረግጥ ሩጫውን በሙቀት ያቃጥለዋል። በማርሹ ላይ «ኤን» የሚለው ፊደል ባለበት መቆም ባትሪው እንዳይሞላ ያደርጋል፤ «ቢ» የሚለውም ለረጅም ቍልቍለት የተሠራ ስለ ሆነ በደልዳላ መንገድ አይጠቅምም።

በአውራ መንገድ ላይ ደግሞ ትልቁ ጠላት አየር ነው። የአየር ግፊት ፍጥነት በጨመረ ቍጥር እጥፍ ድርብ እየሆነ ይበረታል። በሰዓት ከ60 ማይል ወደ 75 ማይል ያለፈ ሰው ፍጥነቱን በሩብ ሲጨምር፥ የሚገፋውን አየር ከግማሽ በላይ ይጨምርበታል። በዚህም ላይ በጣራ ላይ ሣጥን ጭኖ የሚሄድ፥ ጃንጥላ ዘርግቶ ከነፋስ ጋር እንደሚታገል ሰው ነው። ጎማዎቹም በበሩ መቃን በተጻፈው ልክ አየራቸው የተሞላ ይሁን፤ የላላ ጎማ እስከ 3 በመቶ የሚደርስ ቤንዚን ሊያስባክን ይችላልና።

ክረምቱ ብርቱ በሆነበት አገር የሚኖር ሰው ደግሞ በቅዝቃዜ ወራት መኪናው የበለጠ ብትበላ አይደንግጥ። በከተማ ውስጥ በአጭር በአጭር መንገድ የምትነዳ ሃይብሪድ፥ ሙቀቱ ከ77 ፋራናይት ወደ 20 ፋራናይት በወረደ ጊዜ፥ ለአንድ ጋሎን የምትሄደው መንገድ በ30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። መድኃኒቱም ገበያውን፥ ልጆችን ማድረሱንና ወዳጅ መጠየቁን በአንድ መውጫ አስተባብሮ፥ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሙቀት ብዙ ጕዳይ እንዲፈጽም ማድረግ ነው። የቤቱ እመቤት የሳምንቱን መውጫ ብታሰናዳ፥ ነጂው በእግሩ ከሚቈጥበው ያላነሰ ትቈጥባለች።

በ2005 ዓመት በፒትስበርግ ከተማ ጥቂት ሰዎች እየተፈራረቁ አንዲት ፕሪየስ ነድተው፥ በአንድ ጋሎን ከ100 ማይል በላይ አስኬዷት። ይህ የሰው ትዕግሥት እስከ ምን እንደሚደርስ ያሳያል። ነገር ግን ለመወዳደር የሚነዳና ቤተ ሰብ ይዞ የሚነዳ አንድ አይደሉም። ቤንዚን ለማትረፍ ብሎ የከባድ መኪና ጀርባ ተጠግቶ ነፋስ የሚሸሽ፥ ወይም ፍሬን መርገጥ ሲገባው ሩጫውን እንዳያጣ የሚሳሳ ሰው፥ ጥቂት ሳንቲም አድኖ የራሱንና የሌላውን ነፍስ ለአደጋ የሚያቀርብ ነው። ከቤንዚን ሁሉ የሰው ደም ይበልጣል።

በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ደብተር በመኪናዪቱ ውስጥ እንድትቀመጥ እንመክራለን። ታንኩን በሞላ ቍጥር ነጂው የተሄደውን ማይልና የቀዳውን ጋሎን ይጻፍ፤ ማይሉንም ለጋሎኑ ያካፍል። ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ቍጥር ብዙ ጊዜ ጥቂት ማሞገስ ይወዳል፤ ደብተር ግን አያደላም። ያለ ቅዝቃዜና ያለ ሌላ ምክንያት ቍጥሩ ከወር ወደ ወር የወረደ እንደ ሆነ፥ ጎማው፥ ፍሬኑ ወይም ባትሪው ታሞ ይሆናልና ሕመሙ ሳይብስ ወደ መካኒክ መውሰድ ይቻላል።

እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልለው፥ ይህች መኪና ለችኩል ገዢም ለችኩል ነጂም የምትሰጠው ትርፍ ጥቂት ነው። አንድ ጧት ታግሦ የመረመራትንና በየመንገዱ ታግሦ የነዳትን ግን በየዓመቱ ትክሰዋለች። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን መኪና ሳያዩ የተናገሩት ነው፤ ሆኖም ለዚህች መኪና ነጂ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላገኘንም።